የሕዝብ መዛወርና የምርጫ ውጤት በጆርጂያ፤ ከ1946 እስከ 2024

በአሜሪካ የተባበሩት መንግሥታት ደቡብ ምሥራቅ የምትገኘው የጆርጂያ ግዛት በ1992 እና በ2020 በተደረጉት የፕሬዚዳንት ምርጫዎች ከአንዲት ትንሽ ከተማ ሕዝብ በማይበልጥ ድምፅ ወደ ዴሞክራት ፓርቲ አዘንብላለች። በመጀመሪያው ጊዜ ቢል ክሊንተን በ13,714፣ በሁለተኛው ጊዜ ጆ ባይደን በ11,779 ድምፅ ብልጫ አሸንፈዋል። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ የተመለከተ ሰው፣ በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ በግዛቲቱ የተለወጠ ነገር የለም ሊል ይችላል። ነገር ግን ውጤቶቹን በካርታ ላይ አውራጃ በአውራጃ ብናስተያያቸው ነገሩ ሌላ ሆኖ ይገኛል። በ1992 ክሊንተንን የደገፉት ብዙዎቹ የገጠር አውራጃዎች በ2020 ለባይደን ጀርባቸውን ሰጥተዋል፤ በ1992 ክሊንተንን የጣሉት የአትላንታ ዙሪያ አውራጃዎች ደግሞ ባይደንን ለድል አብቅተዋል። ልዩነቱ አንድ ዐይነት ሲሆን ልዩነቱን የፈጠሩት ሰዎች ግን የተለያዩ ናቸው። ለዚህ ጥናት ያነሣሣን ይህ ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ዘወትር የሚሰጠው መልስ አጭር ነው፤ ይኸውም «ሕዝቡ ተለወጠ፣ ስለዚህ ምርጫው ተለወጠ» የሚል ነው። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ጎደሎ ነው ብለን እናምናለን። ሕዝብ ሲለወጥ ድምፁ የማይለወጥበት ረዥም ዘመን አለ፤ ሕዝብ ሳይለወጥ ድምፁ የሚለወጥበትም አጭር ዘመን አለ። ጆርጂያ ሁለቱንም አሳይታናለች።

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት ስለ አጻጻፋችን ጥቂት እንበል። ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ጽፈናል። «ካውንቲ» የሚባለውን የአስተዳደር ክፍል አውራጃ ብለነዋል፤ ጆርጂያ 159 አውራጃዎች ሲኖሯት፣ ከቴክሳስ በቀር ይህን ያህል አውራጃ ያላት ግዛት የለችም። የተመለከትናቸው ማስረጃዎች የሕዝብ ቆጠራ ውጤቶችና የምርጫ ቁጥሮች ናቸው። ከዚህም ሌላ በዴካልብና በግዊኔት አውራጃዎች ከሚኖሩ ጥቂት ኢትዮጵያውያን ጋር በስልክ ተነጋግረናል። ከነርሱ አንዱ የአንዳችን አጎት ስለ ሆኑ ምስክርነታቸውን ከማጋነን ለመጠንቀቅ ሞክረናል።

አውራጃ ይመርጥ የነበረበት ዘመን

ከ1960ዎቹ በፊት በጆርጂያ እውነተኛው ምርጫ በኅዳር የሚደረገው ሳይሆን ከዚያ አስቀድሞ ዴሞክራት ፓርቲ የራሱን እጩ የሚመርጥበት ነበር። በዚያ ምርጫ ያሸነፈ ሰው በኅዳር ተቃዋሚ አይገጥመውም፤ ቢገጥመውም ለይስሙላ ነበር። ይህ የፓርቲው ምርጫ ደግሞ በ1917 በወጣ ሕግ የሚካሄድ ሲሆን፣ ሕጉ የሚቈጥረው ሰውን ሳይሆን አውራጃን ነበር። ብዙ ሕዝብ ያለባቸው 8 አውራጃዎች እያንዳንዳቸው 6 ነጥብ፣ የሚከተሏቸው 30 አውራጃዎች 4 ነጥብ፣ የቀሩት 121 አውራጃዎች 2 ነጥብ ነበራቸው፤ ድምሩ 410 ነው። በአንድ አውራጃ ከሁሉ የበለጠ ድምፅ ያገኘ እጩ የአውራጃውን ነጥብ ጠቅልሎ ይወስዳል።

ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ለመረዳት የ1960ውን የሕዝብ ቆጠራ ማየት ይበቃል። አብዛኛውን የአትላንታ ከተማ የሚይዘው የፉልተን አውራጃ 556,326 ነዋሪዎች ነበሩት፤ ነጥቡ 6 ነው። ከሁሉ ያነሰው የኤኮልስ አውራጃ 1,876 ነዋሪዎች ነበሩት፤ ነጥቡ 2 ነው። ስለዚህ የአንድ የኤኮልስ ሰው ድምፅ በፉልተን ከሚኖሩ 99 ሰዎች ድምፅ ጋር ተመዘነ ማለት ነው። የሕዝቡ ቁጥር በከተማ እየበዛ በገጠር እያነሰ ሲሄድ ሚዛኑ እየተዛባ ሄደ እንጂ እየተቃና አልመጣም። ፋብሪካው፣ ባቡሩና ትምህርት ቤቱ አትላንታን በሰው ቢሞሏትም ሥልጣኑ ከጥጥ እርሻው አልተነቃነቀም።

በ1946 የሆነው ነገር ይህን በግልጥ ያሳያል። ጄምስ ካርማይክል የተባለው እጩ ከዩጂን ታልማጅ ይልቅ ወደ 16,000 የሚጠጋ ብልጫ ያለው የሕዝብ ድምፅ አገኘ። በነጥብ ግን ታልማጅ 242፣ ካርማይክል 146 ሆኑና ታልማጅ አሸነፈ። ታልማጅ ሥልጣን ሳይዝ በታኅሣሥ ስለ ሞተ ሦስት ሰዎች «አገረ ገዥው እኔ ነኝ» እያሉ የተጣሉበት አስገራሚ ታሪክ ተከተለ፤ ዝርዝሩ ከርእሳችን ውጭ ነው። አንድ ነገር ግን ሳንጠቅስ ማለፍ አልቻልንም፤ ለሟቹ ልጅ ለኸርማን ታልማጅ ዘግይቶ «ተገኘ» የተባለው የቴልፌር አውራጃ ድምፅ በጋዜጠኛ ሲመረመር፣ መራጮቹ በፊደል ተራ ተሰልፈው ድምፅ የሰጡ ሆነው ተመዘገቡ፤ ከመካከላቸውም ቀደም ብለው የተቀበሩ ነበሩባቸው።

በዚያው ዘመን ጥቁር ሕዝብ በዴሞክራት ፓርቲ ምርጫ እንዳይገባ ተከልክሎ ነበር። በሐምሌ 4 ቀን 1944 ፕራይመስ ኪንግ የተባሉ ፀጉር አስተካካይና ሰባኪ በኮሎምበስ ከተማ ድምፅ ሊሰጡ ሄደው ተመለሱ። ቀኑ የአሜሪካ የነጻነት በዓል መሆኑን ልብ ይሏል። ኪንግ ከሰሱ፤ በ1945 ፈረደላቸው፣ በ1946 ይግባኙም ጸናላቸው። በመሐሉ በ1945 ድምፅ ለመስጠት ይከፈል የነበረው ግብር ቀረ። በሌላ በኩል ግን ጆርጂያ በ1943 የመምረጫውን ዕድሜ ወደ 18 ዓመት ዝቅ በማድረግ ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ የመጀመሪያዋ ነበረች፤ ለአገሪቱ በሙሉ ይህ የጸደቀው በ1971 ነው። ወጣቱን ለማስገባት የፈጠነች ግዛት ጥቁሩን ለማስገባት በፍርድ ቤት መጐተት ነበረባት።

የአውራጃው ነጥብ የወደቀው በመጋቢት 1963 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በግሬይና በሳንደርስ ክርክር በሰጠው ውሳኔ ነው። «አንድ ሰው፣ አንድ ድምፅ» የሚለው አነጋገር በዓለም የታወቀውም በዚያ ጊዜ ነው። በሁለተኛው ዓመት፣ በ1965፣ የምርጫ መብት ሕግ ወጣ። ስለ ሕግ ይህን ያህል መዘርዘራችን ያለ ምክንያት አይደለም። የከተማው ሕዝብ ከ1917 እስከ 1963 ሲጨምር ኖሮ በውጤቱ ላይ ያደረገው ለውጥ እጅግ ጥቂት ነው። የሕዝብ ቁጥር ድምፅ የሚሆነው ሕግ በር ሲከፍትለት ነው።

የወጣውና የተመለሰው ሕዝብ

በሩ በተከፈተ ጊዜ ግን ከሚገቡት ብዙዎቹ አገር ጥለው ሄደው ነበር። በ1900 ከጆርጂያ ሕዝብ ከመቶ 47 ያህሉ ጥቁር ነበር፤ በ1970 ከመቶ 26 ያህል ብቻ ቀረ። ጥጡን ነቀዝ በላው፤ የእኩል አራሹ ዕዳ ከዓመት ዓመት እየተንከባለለ መጣ፤ በነጭ ሕዝብ ደቦ የሚፈጸመው ግድያም አላቆመም። በሰሜን ደግሞ ፋብሪካ ሠራተኛ ይፈልግ ነበር። ስለዚህ ሕዝቡ በባቡር ወደ ኒው ዮርክ፣ ወደ ቺካጎና ወደ ዲትሮይት ሄደ።

ከ1970 ወዲህ ጉዞው ተገላበጠ። የሰሜኑ ፋብሪካዎች ሲዘጉ አትላንታ እየሰፋች ነበር። ሜይናርድ ጃክሰን በ1973 የከተማይቱ የመጀመሪያ ጥቁር ከንቲባ ሆነው ተመረጡ፤ በርሳቸውም ዘመን የአውሮፕላን ጣቢያው ሲስፋፋ ለጥቁር ነጋዴዎች የሥራ ውል ድርሻ እንዲደርስ አደረጉ። ሞርሃውስና ስፔልማንን የመሳሰሉት ጥንታውያን የጥቁሮች ኮሌጆችም ከመላው አገር ተማሪ ይስባሉ፤ ከተማሪዎቹም ብዙዎች ተመርቀው እዚያው ይቀራሉ። አያቱ በጭነት መኪና ሸሽቶ የወጣበትን አገር የልጅ ልጁ በዲግሪ ተመልሶ ገባበት ማለት ነው። እንደ ጥናቶች ግምት ከ2000 እስከ 2019 በጆርጂያ የመምረጥ መብት ያላቸው ሰዎች በ1.9 ሚሊዮን ያህል ሲጨምሩ፣ ከጭማሪው ግማሽ የሚጠጋው ጥቁር ነበር።

በዚሁ ጊዜ ሌላ ጉዞም ነበር፤ ይኸውም የነጩ ሕዝብ ከአትላንታ ወጥቶ ወደ ዙሪያው አውራጃዎች መስፈር ነው። ከነዚህ ሁሉ ግዊኔት ለጥናታችን የተመቸ ምሳሌ ሆኖልናል። በ1970 72,349 ነዋሪዎች ነበሩት። በ1990 352,910 ደረሰ፤ ከነዚህም ከመቶ 90 ያህሉ ነጭ ነበር። በ2020 ደግሞ 957,062 ሲሆን ነጩ ሕዝብ አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ሆነ። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ የእርሻ አውራጃ የነበረው የነጭ ሠፈር ሆነ፣ የነጭ ሠፈር የነበረው ደግሞ የሁሉ ሠፈር ሆነ። ኮሪያውያን በዱሉዝ ከተማ ሱቅና ቤተ ክርስቲያን አቆሙ። በ1996 በአትላንታ ለተደረገው የኦሊምፒክ ጨዋታ ግንባታ የመጡ የሜክሲኮ ሠራተኞችም ቤተሰባቸውን አስከትለው በዚያው ቀሩ። አውራጃው ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ የምርጫ ወረቀቱን በእስፓንኛም እንዲያትም በሕግ ተገደደ፤ በጆርጂያ ይህ የመጀመሪያው ነው።

የአገራችንም ሰዎች በዚህ ታሪክ ውስጥ አሉበት። በ1980 የስደተኞች ሕግ ከወጣ በኋላ የስደተኛ ድርጅቶች በዴካልብ አውራጃ ያለችውን የክላርክስተንን ከተማ መረጡ፤ ምክንያቱም ርካሽ የኪራይ ቤቶች ነበሩባት፣ አውቶቡስም ያልፍባታል። ከቬትናም፣ ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራ፣ ከሶማሊያ፣ ኋላም ከቡታንና ከበርማ የመጡ ሰዎች እየተከታተሉ ገቡባት። አጎታችን በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከሱዳን የስደተኞች ሠፈር ወደዚያ ሲደርሱ የተሰጣቸው ቤት ውስጥ ቀደም ሲል አንድ የቬትናም ቤተሰብ ይኖርበት እንደ ነበር፣ የምግቡም ሽታ ከግድግዳው እንዳልለቀቀ ነግረውናል። ከዐሥር ዓመት በኋላ እርሳቸውም እንደ ብዙዎቹ ታክሲ ነድተው ባጠራቀሙት ገንዘብ በግዊኔት ቤት ገዙ።

ይህ ሁሉ በሕዝብ ቆጠራ ላይ ወዲያው ይታያል፤ በምርጫ መዝገብ ላይ ግን ዘግይቶ ነው የሚታየው። የሕዝብ ቆጠራ ሕፃኑንም ሽማግሌውንም፣ ዜጋውንም እንግዳውንም ይቈጥራል። የምርጫ መዝገብ የሚይዘው ዕድሜው 18 ዓመት የሞላውን ዜጋ ነው፤ ስደተኛ ዜጋ ለመሆን ደግሞ ቢያንስ አምስት ዓመት ይፈጅበታል። በ2020 ቆጠራ ከጆርጂያ ሕዝብ ነጩ ከመቶ 50.1 ብቻ ነበር፤ በ1990 ግን ከመቶ 70 ነበር። ከመምረጥ መብት ካላቸው ሰዎች መካከል ግን የነጩ ድርሻ በ2020ም ከዚህ ከፍ ያለ ነው። የቆጠራውን ወረቀት አይተው የምርጫውን ውጤት ከሩቅ የሚተነብዩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው ብለን እንገምታለን። ትንቢታቸው እውነት ሆኖ ዘመኑን ይስታል።

ሁለቱ ካርታዎች

አሁን ወደ መነሻችን እንመለስ። በ1992 ክሊንተን ጆርጂያን ሲያሸንፉ ሮስ ፔሮ የተባሉት ነጋዴ ከመቶ 13 ያህል ድምፅ ወስደው ነበር፤ ያለዚያ ክሊንተን ያሸንፉ ነበር ወይ የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። ክርክሩን ትተን ደጋፊዎቻቸውን ብናይ፣ ጥቁሩ ሕዝብና ከአባቶቻቸው ጀምሮ ዴሞክራት የነበሩ የገጠር ነጮች ናቸው። እነዚህ ነጮች ለዴሞክራት ድምፅ የሚሰጡት የፓርቲውን ፕሮግራም አንብበው ሳይሆን፣ አባት ለልጅ ሲያወርሰው በኖረ ልማድ ነበር። ልማዱም በፕሬዚዳንት ምርጫ አስቀድሞ፣ በአገረ ገዥ ምርጫ ቆይቶ ጠፋ። በ2002 ሶኒ ፐርዱ አገረ ገዥ ሆነው ሲመረጡ ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ከነበረው የተሐድሶ ዘመን ወዲህ የመጀመሪያው ሪፐብሊካን ነበሩ። በዚህ ለውጥ ውስጥ የተዛወረ ሕዝብ አልነበረም፤ ሰዎቹ በየቀያቸው ተቀምጠው ነው ፓርቲ የለወጡት። «ሕዝቡ ተለወጠ» የሚለው መልስ ይህን ግማሽ ታሪክ አይነካውም።

ሌላው ግማሽ ግን የሕዝብ መዛወር ታሪክ ነው። ግዊኔት ከ1980 እስከ 2012 በነበሩት የፕሬዚዳንት ምርጫዎች ሁሉ ለሪፐብሊካን ድምፅ ሰጥቷል። በ2012 ሚት ሮምኒ በዚያ አውራጃ ከ27,000 በላይ ብልጫ ነበራቸው። በ2016 ሂላሪ ክሊንተን አሸነፉበት፤ በ2020 የባይደን ብልጫ ከ75,000 በላይ ሆነ። በስምንት ዓመት ውስጥ ከአንድ አውራጃ ብቻ የመጣው ለውጥ ከ100,000 ድምፅ ይበልጣል፤ የግዛቲቱ ጠቅላላ ልዩነት ደግሞ 11,779 ነው። እርግጥ በጠበበ ምርጫ «ውጤቱን የወሰነው ይህ አውራጃ ነው» ማለት ያስቸግራል፤ 11,779 ድምፅ በየትም ሊገኝ፣ በየትም ሊጠፋ ይችላል። ቢሆንም የሕዝቡን መለወጥ ካላሰብን የግዊኔትን ነገር ልንፈታው አንችልም።

የአትላንታን ዙሪያ ለውጥ ሁሉ ለአዲስ መጤ መስጠትም ስሕተት ነው። ኒውት ጊንግሪች ይወከሉበት የነበረውና በ1990ዎቹ የሪፐብሊካን ምሽግ ሆኖ የታወቀው ስድስተኛው የምክር ቤት ወረዳ በ2018 ጥቁር ሴት የሆኑትን ሉሲ ማክባዝን መረጠ። በዚያ ወረዳ የተማረውና ገንዘብ ያለው ነጭ አሁንም ብዙ ነበር። ከነርሱ አንዳንዶቹ በዶናልድ ትራምፕ ዘመን ድምፃቸውን ለውጠዋል። ስለዚህ ግዊኔት ውስጥ የሰው መለወጥ፣ ሰሜን ፉልተንና ኮብ ውስጥ ደግሞ የሐሳብ መለወጥ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሠሩ እናያለን።

መዝገብና ሰልፍ

ሰው መኖሩ ብቻ ድምፅ አይሆንም፤ መመዝገብና መሰለፍ አለበት። ወይዘሪት ስቴሲ ኤብራምስ በግዛቲቱ ምክር ቤት የዴሞክራቶች መሪ በነበሩ ጊዜ፣ በ2013፣ ኒው ጆርጂያ ፕሮጀክት የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ። ሐሳባቸው ቀላል ነበር፤ የገጠሩን ነጭ ለማስመለስ የሚደክመው ገንዘብ ያልተመዘገበውን ለማስመዝገብ ይዋል የሚል ነው። ከ2016 ወዲህ ደግሞ ግዛቲቱ የመንጃ ፈቃድ የሚያወጣውን ዜጋ በዚያው እንዲመዘገብ ስላደረገች መዝገቡ በፍጥነት ሞላ። ይህን ያደረገው የሪፐብሊካን መንግሥት መሆኑን ብዙ ሰው ይዘነጋል። በ2018 ኤብራምስ ለአገረ ገዥነት ተወዳድረው በ54,723 ድምፅ በብራያን ኬምፕ ተሸነፉ። ኬምፕ በዚያ ጊዜ የምርጫውን መዝገብ የሚቈጣጠረው መሥሪያ ቤት ኀላፊ ስለ ነበሩ ነገሩ ብዙ ክርክር አስነሥቷል።

በጥር 5 ቀን 2021 የተደረገው ሁለተኛ ዙር ምርጫ የሰልፉን ነገር ከማንኛውም ምርጫ ይልቅ ያስረዳል። በጆርጂያ ሕግ እጩው ከግማሽ በላይ ካላገኘ ምርጫው ይደገማል። ይህም ሥርዐት የመጣው የአውራጃው ነጥብ በወደቀ ማግስት፣ በ1960ዎቹ፣ ሲሆን፣ ብዙ የታሪክ ሰዎች የነጩ ድምፅ ቢከፋፈል ጥቁር እጩ እንዳያሸንፍ የታሰበ ነው ይሉታል። በዚያው ሥርዐት የማርቲን ሉተር ኪንግ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ የሆኑት ራፋኤል ዋርኖክ ከ90,000 በላይ፣ ጆን ኦሶፍ ከ50,000 በላይ በሆነ ብልጫ አሸንፈው የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት በዴሞክራቶች እጅ ገባ። በኅዳርና በጥር መካከል የጆርጂያ ሕዝብ አልተለወጠም፤ ሁለት ወር ምን ይለውጣል? የተለወጠው የመጣውና የቀረው ሰው ነው። በብዙ የሪፐብሊካን አውራጃዎች የመራጩ ቁጥር ከዴሞክራቶቹ ይበልጥ ቀነሰ፤ ምርጫው ተጭበርብሯል የሚለው የራሳቸው ወገን ስብከት ለዚህ ሳይረዳ አልቀረም።

ከዚህ በኋላ «ጆርጂያ ተወሰነች» ብለው የጻፉ ብዙዎች ናቸው። የሚከተሉት ሁለት ምርጫዎች ግን ትንቢቱን አላከበሩለትም። በኅዳር 2022 ኬምፕ ኤብራምስን ከመቶ 7.5 ነጥብ በሚጠጋ ልዩነት አሸነፉ፤ በዚያው ቀን፣ በዚያው ወረቀት ላይ፣ የርሳቸው ፓርቲ እጩ ኸርሸል ዎከር ከኬምፕ ወደ 200,000 የሚጠጋ ያነሰ ድምፅ አግኝተው በድጋሚው ምርጫ ለዋርኖክ ተሸነፉ። በ2024 ትራምፕ ወይዘሮ ካማላ ሃሪስን ወደ 115,000 በሚጠጋ ድምፅ አሸነፉ። ከአትላንታ በስተ ደቡብ ያለው የሄንሪ አውራጃ በዚያ ዓመትም ወደ ዴሞክራቶች ማዘንበሉን ሲቀጥል፣ በቀድሞው የጥጥ አገር ያሉት ባልድዊን፣ ጄፈርሰንና ዋሺንግተን አውራጃዎች ከባይደን ወደ ትራምፕ ዞሩ። እነዚህ ጥቁር ሕዝብ በብዛት የሚኖርባቸው አውራጃዎች ናቸው። ወጣቱ ሥራ ፍለጋ ወደ አትላንታ ሲሄድ ከኋላው የሚቀረው የመራጭ መዝገብም ይለወጣል፤ የአትላንታን ሰልፍ ያረዘመው ጉዞ የገጠሩን ሰልፍ አሳጥሮታል ማለት ነው። የሕዝብ መዛወር አንዱን ቦታ ብቻ እንደሚለውጥ አድርጎ መመልከት የተለመደ ጉድለት ሆኖ አግኝተነዋል።

ስለ አንድ ሳጥን

ጆርጂያ ለታሪክ ተማሪ የምትሰጠው አንድ ብርቅ ማስረጃ አለ። በአሜሪካ ጥቂት ግዛቶች ብቻ መራጭ ሲመዘገብ ዘሩን ይጠይቃሉ፤ ጆርጂያ አንዷ ናት። ስለዚህ ስንት ጥቁር፣ ስንት ነጭ፣ ስንት እስያዊ ተመዝግቦ ስንቱ ድምፅ እንደ ሰጠ በግምት ሳይሆን በቁጥር ይታወቃል። ከኛ በፊት ስለ ጆርጂያ የጻፉት ሁሉ ከዚህ መዝገብ ቀድተዋል፤ እኛም እንደዚሁ። ነገር ግን ኢትዮጵያዊው በዚያ ቅጽ ላይ ምልክት የሚያደርገው የት ነው ብለን ስንጠይቅ ማስረጃው ጥላ ጣለበት። ያነጋገርናቸው ሰዎች ሁሉ «ጥቁር» የሚለው ላይ ምልክት አድርገዋል። ከእነርሱ አንዲት እናት «ሌላ ምን ልበል፤ ጠቋሪ እንጂ ጥቁር አይደለሁም ልበል?» ብለው ስቀዋል። በመዝገቡ ላይ እኚህ እናት አያታቸው በ1920 ከሜከን ወደ ዲትሮይት ከተሰደዱና በ1995 ከተመለሱ ሴት ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ ናቸው። የሁለቱ ታሪክ ግን የተገናኘው በክላርክስተን አውቶቡስ ላይ ነው።

በአንዱ ሳጥን ውስጥ ያለው የኛ ሕዝብ ራሱ አንድ አለመሆኑን የቅርብ ዘመን ታሪክ ያስረዳል። በጥቅምት 2020፣ ከምርጫው ጥቂት ቀናት በፊት፣ ትራምፕ ግብጽ የዐባይን ግድብ ልታፈነዳው ትችላለች ብለው በተናገሩ ጊዜ ብዙ ኢትዮጵያውያን አሜሪካውያን ተቈጥተዋል። በዓመቱ ነገሩ ተገለበጠ። የባይደን መንግሥት በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ኢትዮጵያን ከቀረጥ ነጻ የንግድ ዕድል እንደሚያስወጣ ያስታወቀው በኅዳር 2 ቀን 2021 ሲሆን፣ በዚያው ቀን በቨርጂኒያ የአገረ ገዥ ምርጫ ይካሄድ ነበር። በቨርጂኒያ አንዳንድ የኢትዮጵያውያን ማኅበራት አባሎቻቸው ለሪፐብሊካኑ ለግሌን ያንግኪን ድምፅ እንዲሰጡ በግልጥ ጠሩ፤ ያንግኪንም ከ60,000 በላይ በሆነ ድምፅ አሸነፉ። ልዩነቱ ከማኅበራቱ አባላት ቁጥር ስለሚበልጥ ውጤቱን እነርሱ ለወጡት ማለት አይቻልም፤ አንዳንድ የአገራችን ሰዎች እንዲህ ሲሉ ሰምተን አልተቀበልነውም። በሌላ በኩል የትግራይ ተወላጅ የሆኑት ወገኖቻችን በዚያው ጊዜ በዋሺንግተን አደባባይ የሚጠይቁት ተጨማሪ ጫና እንዲደረግ ነበር። ሁለቱም ወገኖች በአሜሪካ መዝገብ «ጥቁር» ናቸው፤ ሁለቱም አንድ ዐይነት እንጀራ በአንድ መደብር ይገዛሉ። በክላርክስተን አካባቢ ለሁለት ዓመት ያህል ሰላምታ ያቋረጡ ጎረቤቶች እንደ ነበሩ ያነጋገርናቸው ሰዎች ሳይወዱ ነግረውናል። የቆጠራው ሠንጠረዥ ይህን አያውቅም፤ ሊያውቅም የተሠራ አይደለም።

የመጨረሻው ምሳሌያችን ትንሽና የአውራጃ ጉዳይ ነው። የግዊኔት ሕዝብ በ1971 ማርታ የተባለውን የአትላንታን የባቡርና የአውቶቡስ ድርጅት አንፈልግም ብሎ በድምፅ ጥሎታል፤ በዚያ ጊዜ የጥቁሩን ሕዝብ መምጣት መፍራት ትልቁ ምክንያት እንደ ነበረ ይታመናል። በ1990ም ጣለው። ሕዝቡ ከተለወጠ በኋላ ያልፋል ተብሎ በ2019 ቀረበና ወደቀ። በ2024 ደግሞ አውራጃው የራሱን አውቶቡስ ለማስፋፋት በሽያጭ ላይ 1 ከመቶ ግብር እንዲጨመር ጠየቀ። ሃሪስ በሰፊ ልዩነት ባሸነፉበት በዚያው ቀን፣ በዚያው ወረቀት ላይ፣ ይህም ወደቀ። የ1971ዱን መራጭ ፍርሃት ለ2024ቱ መራጭ ልናወርሰው አንችልም፤ ሰውየው ሌላ ሰው ነውና።

አጎታችንን ለፕሬዚዳንትነት ማንን እንደ መረጡ ስንጠይቃቸው፣ «ልጆቼ፣ ያን ለአክስታችሁም አልነገርኳት» አሉን። ስለ አውቶቡሱ ግብር ግን ለመናገር አላመነቱም። እምቢ ብለው ነበር። ምክንያቱን ስንጠይቃቸው መልሰው እኛን ጠየቁን፤ «አውቶቡስ አየር ማረፊያው ድረስ ከገባ ታክሲዬን ማን ይሳፈራል?»